ከቆዳ እስከ አጥንት ስንት ሴንቲ ሜትር?

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ለወገብ ቀዶ ሕክምና ሲቀርብ በሐኪሞች ዘንድ የሚነሣ የቆየ ክርክር አለ። ይኸውም ጀርባን በሰፊው ከፍቶ መሥራት ይሻላል ወይስ በጠባብ ቱቦ ገብቶ የሚል ነው። የሕክምናው ዓላማ የተንሸራተተውን አከርካሪ ከጎረቤቱ ጋር በብሎንና በአጥንት ቁራጭ አጋጥሞ አንድ አጥንት ማድረግ ሲሆን፣ ኸብስና አልቢ የተባሉ ሐኪሞች በ1911 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ይፋ ካደረጉት ወዲህ መልኩን ደጋግሞ ለውጧል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ይሁን እንጂ የክርክሩ ግማሽ የፊዚክስ ጥያቄ ነውና አስተያየት ለመስጠት እንደፍራለን።

በቅድሚያ ሸክሙን እንመልከት። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን የሆድ ስብ ከአከርካሪው 20 ሴ.ሜ. ወደ ፊት ተንጠልጥሏል እንበል። የጀርባ ጡንቻ የሚስበው ከአከርካሪው 5 ሴ.ሜ. ያህል ብቻ ርቆ ስለሆነ፣ ሚዛን ለመጠበቅ የ80 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ኃይል ማውጣት ግድ ይለዋል። ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ደግሞ የሁለቱ ድምር፣ የ100 ኪሎ ግራም ክብደት ነው። «መጀመሪያ ክብደትህን ቀንስ» የሚለው ምክር መሠረት አለው ማለት ነው። በሕመም ምክንያት መራመድ ያቃተው ሰው እንዴት እንደሚቀንስ ግን ምክሩ አይናገርም።

አሁን ወደ ቢላዋው እንምጣ። አጥንቱ ከቆዳው 4 ሴ.ሜ. ቢርቅና በሌላው ሰው 10 ሴ.ሜ. ቢርቅ፣ ሐኪሙ በሁለቱም ላይ በእኩል ማዕዘን ለማየት ከፈለገ የቁስሉ አፍ በርዝመትም በስፋትም 2.5 ጊዜ፣ በቦታ ስፋት ከ6 ጊዜ በላይ መጨመር አለበት። የሚጎዳው ጡንቻና ለኢንፌክሽን የሚጋለጠው ስብም አብሮ ይጨምራል። ቱቦው ግን 22 ሚ.ሜ. ከሆነ ጥልቀቱ ምንም ይሁን ምን 22 ሚ.ሜ. ነው። ስለዚህ የቱቦው ጥቅም ከቀጭኑ ይልቅ በወፍራሙ ሰው ላይ ሊጎላ ይገባል፤ በእኛ እምነትም በጀርባ በኩል ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና ምርጫው ወደ ቱቦው ያዘነብላል። እስካሁን የወጡት ንጽጽሮችም በአመዛኙ የደም መፍሰሱ እንደሚያንስ፣ የኋላ ኋላ የሕመሙ መሻል ግን ተቀራራቢ እንደሆነ ያሳያሉ።

ሆኖም ቱቦው ዋጋውን በሌላ መንገድ ያስከፍላል። በ4 ሴ.ሜ. ጥልቀት 31 ዲግሪ ገደማ የነበረው የዕይታ ማዕዘን በ10 ሴ.ሜ. ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል። ከዚህ የሚብሰው ራጁ ነው፤ በቱቦ የሚሠራ ሐኪም አጥንቱን በዓይኑ በሰፊው ስለማያይ በአብዛኛው የሚመራው በራጅ ምስል ነውና። 60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ጨረር በውኃ ውስጥ በየ3.4 ሴ.ሜ. በግማሽ ይቀንሳል፤ ለስላሳው የሰውነት ክፍልም ከውኃ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ 10 ሴ.ሜ. ውፍረት ሲጨመር ያንኑ ምስል ለማግኘት 8 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ጨረር መላክ ያስፈልጋል፤ የተበተነው ጨረር ደግሞ አጠገብ ለቆሙት ሐኪምና ነርስ ይደርሳል። ትንሿን ጠባሳ የሚያወድሱ ንጽጽሮች ይህን ሒሳብ አዘውትረው ይዘነጉታል።

በጎን በኩል መግባት ሌላው አማራጭ ነው። ሕመምተኛው በጎኑ ሲተኛ የሆዱ ስብ በስበት ወደ ፊት ስለሚወድቅ መንገዱ ያጥራል፤ ብልህ ዘዴ ነው። ዳሌ አጥንት ስለሚጋርደው ግን የመጨረሻውን የወገብ ዲስክ አይደርስበትም።

ቅሬታችን ከመለኪያው ላይ ነው። ሕመምተኞች የሚመደቡት ክብደትን ለቁመት ስኩዌር በማካፈል ነው። ይህን ቀመር በ1830ዎቹ ያፈለቀው ኬትሌ የተባለ ቤልጂጋዊ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆን፣ ሕዝብን እንጂ አንድን ሰው ለመመዘን አላሰበውም። ቁጥራቸው እኩል 35 የሆነ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ስቡን በሆዱ፣ ሌላው በጀርባው ሊሸከም ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከቆዳ እስከ አከርካሪ ያለው ርቀትና የስቡ ውፍረት ከኢንፌክሽን ጋር እንደሚያያዙ አመልክቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ አከርካሪያቸው የተንሸራተተ ወፍራም ሕመምተኞች ኢንፌክሽንና ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ቢበዛባቸውም፣ በቀዶ ሕክምና ካልታከሙት ይልቅ በግልጽ እንደተሻላቸው ዘግቧል። ስለዚህ «ከ40 በላይ ነህ» ብሎ በአንድ ቁጥር ብቻ ሰውን ከበር መመለስ ተገቢ አይመስለንም። ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኤምአርአይ መነሣቱ የተለመደ ነው፤ ጥልቀቱን ከምስሉ ላይ ለክቶ በመዝገቡ ለማስፈር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።