«ከእጥፉ አምስት ሲቀነስ»

«የአሶሳ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» ይሉናል። ሐሰት ነው! አሶሳ ገበያ ማንጎ የምትሸጥ ልጅ የወንድሟን እጥፍ ይዛ፣ የሁለቱ አንድ ላይ 36 ቢሆን፣ የእሱ 12 መሆኑን ወረቀት ሳትነካ ትነግራችኋለች። ያው ጥያቄ በ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ሲመጣ ግን እስክሪፕቶዋ ይቆማል።

ለምን? ያልታወቀውን ቁጥር ሀ እንበለው። «ፋይቭ ለስ ዛን ትዋይስ ኤ ነምበር» የሚለውን በቃሉ ተራ የተከተለ 5 − 2ሀ ብሎ ይሳሳታል። በአማርኛ «ከቁጥሩ እጥፍ 5 ሲቀነስ» በሉት፤ 2ሀ − 5 ራሱ ተሰልፎ ይመጣል። ቤቷ በርታኛ፣ መሥሪያ ቤቱ አማርኛ፣ ፈተናው እንግሊዝኛ፤ ልጅቱ ስሌቱ ዘንድ የምትደርሰው ሁለት ወንዝ ተሻግራ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ፈተና በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። «ኩረጃው ሲቀር ስንፍናው ታየ» ተባለ። ኩረጃው መቅረቱ ደግ፤ የቋንቋውን ነገርስ ማን ጠየቀ?

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። «ሒሳብ የሳይንሶቹ ጣጣ ነው» ብለን ተቀምጠናል። ዓረፍተ ነገር መፍታት የማን ሙያ ሆነና! ክረምት አገር ቤት ስንገባ ታናናሾቻችንን ቀመር አናሸምድዳቸው፤ ጥያቄውን መጀመሪያ በአፋቸው፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ እናስፈታቸው።