ካንዴላው ምን በደለ?

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ ሄዳ የበረራ ትምህርት የጀመረች ጓደኛችን ደወለችልን። ድምጿ ኩርፊያ ኩርፊያ ይላል። «ዛሬም አልበረርኩም» አለች። ዝናብ ነው? አይደለም። ንፋስ? እሱም አይደለም። ብር አለቀብሽ? (የሰዓቱን ክፍያ ስለነገረችን ነው እንጂ ክፉ ተመኝተን አይደለም።) «ኧረ ካንዴላ ነው!» አለችን።

ሳቅን። ይቅርታ ይደረግልንና እኛ ካንዴላን የምናውቀው ከላዳ ታክሲ ጋር ነው። ሹፌሩ ይወርዳል፣ ኮፈን ይከፍታል፣ ካንዴላ ይፈታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል፣ እፍ ይልበታል፣ መልሶ ይገጥመዋል፤ ጉዞ ይቀጥላል። ቃሉን ከጣሊያንኛ ነው የወረስነው፤ ትርጉሙም ሻማ ነው። አውሮፕላንን የሚያህል ነገር በሻማ ምክንያት መሬት ላይ ይቀራል ብሎ ማን ያስባል?

ይቀራል ለካ። ጓደኛችን የምትማርባት ሴስና 152 ባለሁለት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ናት። ሞተሯ አራት ሲሊንደር አለው፤ ካንዴላዎቹ ግን ስምንት ናቸው፤ ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ሁለት። ብልጭታውን የሚሰጧቸው ማግኔቶዎችም ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ቤት እንዲያደርስ። ከመነሳት በፊት አብራሪው ሞተሩን 1700 ዙር በደቂቃ ላይ ያደርግና ቁልፉን እያዞረ አንዱን ማግኔቶ ለብቻው፣ ቀጥሎ ሌላውን ለብቻው ይሞክራል። በአንዱ ብቻ ሲሄድ ዙሩ ትንሽ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ከ125 በላይ ከወረደ፣ ወይም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ50 ካለፈ ግን መነሳት የለም። የጓደኛችን ሞተር በግራው ሲሞከር ማሳል ጀመረ፤ ሁለመናዋም ተንቀጠቀጠ (የአውሮፕላኗ ማለታችን ነው፤ የጓደኛችንም ሳይሆን አይቀርም)።

ቀጥሎ የተደረገው በየበረራ ትምህርት ቤቱ የታወቀ መላ ነው። ወደ ሁለቱም ማግኔቶ ይመለሳሉ፤ ሞተሩን ወደ 2000 ዙር ገደማ ያወጡታል፤ ከዚያ ቀዩን የቅልቅል እጀታ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ በመሳብ ነዳጁን ያሳሳሉ። ነዳጁ ሲሳሳ ቃጠሎው ይግላል፤ ካንዴላው ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ዕድል ካለ ይለቃል። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ እንደገና መፈተሽ ነው። ከጠራ ይበረራል፤ ካልጠራ ወደ መካኒኩ። የሷ አልጠራም።

መካኒኩ ከታች በኩል ያሉትን ካንዴላዎች ፈታ። ቆሻሻው የሚወደው የታቹን ነው። ደረቅና ጥቁር ጥላሸት ቢሆን ነዳጅ በዝቶበት ነው ይባላል፤ ርጥብና ዘይት የጠገበ ቢሆን ደግሞ የፒስተን ቀለበት ወይም የሲሊንደር ነገር ይጠረጠራል። የሷ ግን ከሁለቱም አልነበረም። በሸክላውና በብረቱ መካከል ግራጫ፣ ድፍን፣ ምስር እንኳ የማታህል ጠጠር ተሰክታለች። መካኒኩ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ በሚመስል ሹል ነገር ፈልቅቆ አወጣትና መዳፏ ላይ ጣለላት። ፎቶ አንስታ ላከችልን። ምንድነው እሱ? አልን።

«እርሳስ።»

(የምንጽፍበትን ማለቷ አይደለም። የምንጽፍበት ውስጡ ግራፋይት ነው፤ በስም ብቻ ነው የተወነጀለው። ይሄኛው የብረቱ ነው፤ መርዙ።)

ሳቃችን እዚህ ላይ ቆመ። እጅሽን ታጠቢ አልናትና ማንበብ ጀመርን።

እርሳስ ቤንዚን ውስጥ የገባው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ፣ ቴትራኤትል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውህድ ቤንዚን ላይ ጥቂት ጠብ ሲደረግበት ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚያቆም ደረሰበት። ማንኳኳት መኪና ላይ ጆሮ ያሳምማል፤ አየር ላይ ግን ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ስለዚህ ትንንሾቹ ባለፒስተን አውሮፕላኖች እስካሁን ድረስ በአብዛኛው የሚጠጡት ባለእርሳስ ቤንዚን ነው። ስሙ 100ኤልኤል ይባላል።

እርሳሱ ተቃጥሎ ሲያበቃ ሞተሩ ውስጥ እንዳይቀር ደግሞ ሌላ ኬሚካል፣ ኤትሊን ዳይብሮማይድ፣ አብሮ ይጨመራል። ሥራው ከእርሳሱ ጋር ተጣብቆ በጋዝ መልክ በጭስ ማውጫው ይዞት መውጣት ነው። እንዲህ የሚሆነው ግን ካንዴላው በደንብ ሲግል ብቻ ነው። ሞተሩ መሬት ላይ በዝግታ ሲያጉረመርም፣ ወይም ለማረፍ ሲባል የሞተሩ ጉልበት ተቀንሶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ እርሳሱም እዚያው ይጋገራል። ተማሪ ደግሞ ከማንም በላይ መሬት ላይ የሚቆይ፣ ከማንም በላይ ደጋግሞ የሚያርፍ ሰው ነው። የትምህርት ቤት አውሮፕላን ካንዴላ ቢቆሽሽ ምን ይገርማል?

መላው ብዙ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያስደስታል። መሬት ላይ ሲንከባለሉ ቅልቅሉን ማሳሳት። ሞተሩን ከ1000 ዙር በታች አለማቆየት። የሞተሩ አምራች ላይካሚንግ ራሱ፣ ከማጥፋት በፊት ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ ወደ 1800 ዙር ከፍ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ወደ 1000 እና 1200 መካከል መልሳችሁ ወዲያው አጥፉ ይላል። ካንዴላ ሲታጠብ የታቹን ወደ ላይ፣ የላዩን ወደ ታች እያፈራረቁ መግጠም። ከእጅ የወደቀ ካንዴላን፣ አዲስም ቢሆን፣ መጣል፤ የውስጡ ሸክላ ቢሰነጠቅ በዓይን አይታይምና። (ይቺን ለላዳ ሹፌሮች ብንነግራቸው ምን እንደሚሉን መገመት ይቻላል።) እነዚህን የማያውቅ አብራሪ ጥሩ አብራሪ አይባልም፤ ልክም ነው። በቆሸሸ ካንዴላ መነሳት ሕይወት ነው የሚያስከፍለው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልን። ይሄ ሁሉ መላ የሚያደርገው እርሳሱን ከካንዴላው ላይ ማንሳት ነው። ተነስቶስ የት ይሄዳል? በጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ነዋ! መላው ሲሠራ አብራሪው ተንፈስ ይላል፤ ያንን አየር ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ይስበዋል። መላው ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ነው እርሳሱ ጠጠር ሆኖ መዳፍ ላይ የሚታየው። የጓደኛችን ካንዴላ ጥፋቱ ሚስጥር ማውጣቱ ነው።

ስያሜውም ያስቃል። 100ኤልኤል ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት «ዝቅተኛ እርሳስ» ማለት ናቸው። ከማን ዝቅ ብሎ? ከሱ በፊት ከነበረው ከባዱ ባለ100 ቤንዚን ግማሹን ስለያዘ ነው። ትንንሾቹ ሞተሮች ይጠጡት ከነበረው 80/87 ከተባለው ቤንዚን ጋር ሲተያይ ግን አራት እጥፍ ነው፤ ያኛው በሊትር ቢበዛ 0.14 ግራም ነበረው፤ «ዝቅተኛው» እስከ 0.56 ግራም ይይዛል። በ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) 80/87 ከገበያ እየጠፋ ሲሄድ የድሮዋ ሴስና 150 ካንዴላዋ እየታፈነ አስቸገረ። ሴስና መፍትሔ ብሎ ያወጣት ጓደኛችን የምትማርባትን 152 ነው፤ አዲሱን ቤንዚን እንድትችል ታስባ። እሷም ቆሸሸች። ዘንጉ ረዘም ያለ ካንዴላ ተፈለገላት። በ1983 ደግሞ ሞተሩ ተቀየረና ጉልበቷ ከ110 ወደ 108 ፈረስ ወረደ። አያችሁ? ካንዴላው ተለወጠ፣ ሞተሩ ተለወጠ፣ የአብራሪው እጅ ሠለጠነ። ያልተነካው ቤንዚኑ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አጥሩ ማዶ እንሂድ። ካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ ከተማ ውስጥ ሪድ ሂልቪው የሚባል የትንንሽ አውሮፕላኖች ማረፊያ አለ፤ ዙሪያውን ሰፈር ነው። የሳንታ ክላራ አውራጃ አስተዳደር ያስጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ ለማረፊያው ቅርብ የሆኑ ልጆች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ከፍ እንደሚል አሳየ። አስተዳደሩም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ እዚያ ባለእርሳስ ቤንዚን መሸጥ አቆመ። በዓመቱ፣ በኦክቶበር 2023፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከእነዚህ አውሮፕላኖች የሚወጣው እርሳስ ለሕዝብ ጤና አደጋ ነው ሲል በይፋ ደመደመ። ዛሬ በዚያ አገር አየር ላይ ከሚለቀቀው እርሳስ ትልቁን ድርሻ የያዙት እነሱ ናቸው። እርሳስ ደግሞ የሕፃን አእምሮ ላይ የሚሠራውን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል።

ይሄን ስናነብ አንድ ነገር ከነከነን። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ባለእርሳስ የመኪና ቤንዚን መሸጥ አቁመው የጨረሱት በ2006 መጀመሪያ ነው። የኛም አገር ጭምር ማለት ነው። አልጄሪያ በጁላይ 2021 ስታቆም በዓለም ላይ ባለእርሳስ የመኪና ቤንዚን የሚሸጥ አገር አልቀረም። ያ የምንስቅበት ላዳ፣ ጭሱ ዓይን ቢያቃጥልም፣ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ነው የሚጠጣው። ሀብታሙ አገር ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ለመዝናናት የሚነሳው አውሮፕላን ደግሞ እርሳስ ይተፋል። «ድሃ አገር ስለሆነ ነው» የሚለው ዘፈን እዚህ ጋ አይሠራም።

«መቀየር ቀላል አይደለም» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ በ2023 አውሮፕላኖቹን እርሳስ ወደሌለው ባለ94 ቤንዚን አዛወረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የጭስ ቫልቮቹ መቀመጫ እየተበላ ተገኘና በዚያው ዓመት ወደ ባለእርሳሱ ተመለሰ። ጂ100ዩኤል የተባለው ሌላ ቤንዚን በሴፕቴምበር 2022 የበረራ ባለሥልጣኑን ፈቃድ አገኘ፤ ለሁሉም ባለካንዴላ ሞተር ይሆናል ተባለ። በኋላ ደግሞ ቀለም ይልጣል፣ የነዳጅ ታንክ ማሸጊያ ያበላሻል የሚሉ ቅሬታዎች መጡበት። ስዊፍት የተባለው ኩባንያም 100አር የሚለውን ይዞ በ2024 መጣ፤ የተጀመረው በተወሰኑ የሴስና 172 ዓይነቶች ነው። በኬሮሲን የሚሄዱ፣ ጭራሽ ካንዴላ የሌላቸው እንደ ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ ያሉም አሉ፤ ዋጋቸውን ግን አትጠይቁ።

ሞተር አየር ላይ ሲቆም እንደ መኪና ዳር ይዞ መቆም የለም። ስለዚህ ጥንቃቄውን አንንቅም። የማይዋጥልን ሒሳቡ ነው። ለውጡ ሲዘገይ ማን ይከፍላል? አብራሪው ካንዴላ ያስጠርጋል፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት የመካኒክ ይከፍላል፤ ይሄ ሁሉ ደረሰኝ አለው። የአጥሩ ማዶ ልጅ የከፈለው ግን ደረሰኝ የለውም። አንድም ቀን አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ አያውቅ ይሆናል። የቫልቭ መቀመጫ ተበላ ሲባል በወራት ውስጥ ውሳኔ ተወሰነ፤ በልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ ሲባል ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ በ2022 ባለእርሳሱን ይሸጡ የነበሩ ማረፊያዎች ተስማሚ ምትክ እስኪያገኙ፣ አለዚያም እስከ 2030 መጨረሻ፣ መሸጣቸውን እንዲቀጥሉ ነው ያዘዘው። እንዲያቆሙ ሳይሆን እንዳያቆሙ!

እኛ ብንጠየቅ ተራውን እንገለብጠው ነበር። ዝቅተኛ ኦክቴን የሚበቃቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሰፈር ላይ የሚዞሩት የመማሪያ አውሮፕላኖች መጀመሪያ ይውጡ፤ ቫልቩም በየጊዜው እየተለካ፣ ውጤቱም ሳይደበቅ። ከባዶቹ ሞተሮች ይከተሉ። ሁሉንም የሚያረካ አንድ ቤንዚን እስኪገኝ ሁሉም ይጠብቅ ማለት፣ ቀላሉን በከባዱ ሰበብ ማቆየት ነው። ለተማሪውም «ቅልቅሉን አሳሳ» ሲባል ለምን እንደሆነ አብሮ ይነገረው። ጓደኛችን መላውን በሁለተኛ ቀኗ ነው የተማረችው፤ ጠጠሯ ምን እንደሆነች ያወቀችው ግን ከመካኒኩ አፍ ነው፤ እሱንም ስለጠየቀች።

በማግስቱ ካንዴላዎቹ ተጠርገውላት በረረች። ግራው 60 ወረደ፣ ቀኙ 70፤ ሸጋ ነው። ስታርፍ ትምህርት ቤቱን ጠየቀች፤ እርሳስ ወደሌለው ቤንዚን መቼ ነው የምንቀየረው ብላ። «ገና እስከ 2030 ጊዜ አለ» አሏት።