«እርጅና ነው» ብለን ስልክ አንዝጋ

እናታችን ደውላ «ራሴን እያመመኝ ነው» ስትለን መልሳችን ዝግጁ ነው። «ምች ይሆናል፣ ዳማከሴ ጠጪ» እንላታለን። ሕመሙ ሲሰነብት «ማስታገሻ ግዢ»፣ ሲቆይ ደግሞ «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው»። ከዚያ ስልኩን ዘግተን ወደ ቲክቶካችን።

እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ራስ ምታት ብቻ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በተለይ በ70ዎቹ ዕድሜ፣ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት ግን እንዲህ አይታለፍም። ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ቧንቧዎች የሚቆጡበት በሽታ አለ። የቧንቧው ግድግዳ ሲያብጥ የደሙ መተላለፊያ ይጠባል። ደም ያጣ ዓይን ይታወራል፤ አንጎል ደም ሲያጣ ደግሞ ስትሮክ ይከተላል። በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። ችግሩ፣ ስትሮክ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ደም ግፊትን ብቻ መሆኑ ነው።

ምልክቶቹን ቤት ውስጥ ሆኖ ማስተዋል ይቻላል። ከጆሮ ከፍ ብሎ በግንባር ጎን የሚሰማ ሕመም፤ ፀጉር ሲበጠር ወይም ሻሽ ሲታሰር የራስ ቆዳ መታመም፤ ቆሎ ወይም ሥጋ ሲያኝኩ መንጋጋ እየዛለ ማመም፤ ጠዋት ትከሻና ዳሌ አልታዘዝ ማለት፤ ያለ ምክንያት መክሳት። ከሁሉም የሚያስፈራው ዓይን ለጥቂት ደቂቃ ጨልሞ መመለሱ ነው። «ተመለሰልኝ» ተብሎ አይተውም። በሚቀጥለው ላይመለስ ይችላል።

የሚያስቆጨው ሕክምና ያለው መሆኑ ነው። ኢ ኤስ አር የሚባለው ቀላል የደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ፍንጭ ይሰጣል። ሐኪሙ አጥብቆ ከጠረጠረ ከቧንቧው የሚወሰደውን ናሙና ውጤት ሳይጠብቅ ፕሬድኒሶሎን ያስጀምራል፤ የጠፋ ብርሃን ብዙ ጊዜ አይመለስምና። መድኃኒቱ ግን ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በራስ ፈቃድ ከፋርማሲ ተገዝቶ አይዋጥም፤ ሲሻልም በድንገት አይቆምም።

ስለዚህ ዛሬ ስንደውል «ደህና ነሽ?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ስታኝኪ ያምሻል? ዓይንሽስ?» እንበል። አዲስ ራስ ምታት ከእነዚህ ምልክቶች ጋር ከመጣ ቶሎ ሐኪም ጋ፣ ዓይን ከጨለመ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረማ «እስኪነጋ እንይ» የሚባል ነገር የለም።