ቆንስል ማለት ማን ነው?

ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም ለአገር ቤት ዘመድ ውክልና ለመላክ ተሰልፎ የዋለ ወገን ማታ ሲጠየቅ «ኤምባሲ ዋልኩ» ይላል። ያስተናገደው ግን ቆንስላ ክፍሉ ነው። አምባሳደር በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ይቆማል፤ ቆንስል ግን ሥራው ከሰው ጋር ነው።

ቃሉ የሮማይስጥ ነው። በጥንታዊት ሮማ በየዓመቱ የሚመረጡት ሁለቱ ታላላቅ ሹማምንት ቆንስል ይባሉ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ስሙ ወደ ሜዲትራኒያን ወደቦች ወረደ። በባዕድ አገር የሚነግዱ ሰዎች ጠባቸውን የሚዳኝላቸውን፣ ከአገሬው ገዥ ጋር የሚነጋገርላቸውን ሰው ቆንስል አሉት። በዛሬ አነጋገር የኮሙኒቲ ሊቀ መንበር እንደማለት ነው።

ኋላ ግን መንግሥታት ሹመቱን ወሰዱት፤ ዳኝነቱም አብሮ ሄደ። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል ተፈራረመ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በ1855 ቆንስላ እንዲከፈት የቀረበላቸውን ጥያቄ አልተቀበሉም። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ደግሞ የፕላውደንን ተተኪ ካሜሮንን በ1864 አሰሩት። የዚያ መዘዝ በ1868 የናፒየርን ጦር መቅደላ አደረሰ።

በ1908 የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውልም የፈረንሳይ ቆንስል በኢትዮጵያ ምድር በዜጎቹ ጉዳይ ዳኝነት እንዲገባ ፈቀደ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ተጠቀሙበት። የአገሬው ሕግ በእንግዳው ደጃፍ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ዛሬ ቆንስል አይፈርድም። የ1963ቱ የቪየና ስምምነት ሥራውን ዜጋን መርዳት አድርጎታል። በአንቀጽ 36 መሠረት አንድ የውጭ ዜጋ ሲታሰር ቆንስሉን የማነጋገር መብት እንዳለው ሳይዘገይ ሊነገረው ይገባል። አሜሪካ ይህን ባለማሟላቷ በ2004 በሔግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተረትታለች፤ ጉዳዩ የ51 ሜክሲኳውያን ነበር።

ቆንስሉን የሚሸሽ ስደተኛስ? ስምምነቱ ማስታወቂያውን ያሰረው በታሳሪው ፈቃድ ነው፤ ካልጠየቀ አይጠሩበትም። በአሜሪካ ደንብም አንድ ሰው ጥገኝነት መጠየቁ ለቆንስሉ አይገለጽም። ፖሊስ «ቆንስልህ ይነገር?» ብሎ ሲጠይቅ እንግዲህ መልሱ የግድ «አዎን» አይደለም። ምርጫው የታሳሪው ነው፤ ሳያውቁ ከመፈረም ግን ጠበቃ መጠየቅ ይቀድማል።