ከቀኑ በ10 ሰዓት ተኩል ሲመሽ

እዚህ ቤይሩት በፈረንጆች ጥቅምት መጨረሻ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ምሽቱ ድንገት ይወርድብናል። በፈረንጆች ታኅሣሥ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የምሳውን ዕቃ አጥበን፣ ልብሱን ተኩሰን ቀና ስንል ቀኑ አልቋል። በዚህ ሰሞን እሑድ እሑድ ስንገናኝ ከብዙዎች አፍ የምንሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ «ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ሰውነቴ ከበደኝ፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም»።

እኛስ ምን ብለን እንመልሳለን? «በርቺ፣ ጸልዪ፣ ናፍቆት ነው፣ ያልፋል»። የነቢያት ጾም በዚሁ ጊዜ ስለሚውል ነገሩን ሁሉ በጾሙ ድካም የሚያመካኙም አሉ። ማዳም ደግሞ በአንድ ቃል ትዘጋዋለች፤ ሰነፍሽ! ከመካከላችን አንዲት እኅት ሁለት ክረምት ተከታትሎ ከጉባኤያችን ስትጠፋ «ኮርታብን ነው» ብለን አምተናታል። በሦስተኛው ዓመት ራሷ ነገረችን። የዕረፍት ቀኗን ሙሉ ተኝታ ትውል ነበር። ከዳቦና ከጣፋጭ በቀር የሚያሰኛት ምግብ አልነበረም። ፀጉሯን ለመሠራት እንኳ ጉልበት አጥታ ነበር። መጋቢት ሲመጣ ግን እንዲሁ ይለቃታል። ስትነግረን አፈርን።

ይህ ነገር ሕመም ነው፤ ስንፍናም የእምነት ማነስም አይደለም። ሐኪሞች ወቅትን ተከትሎ የሚመጣ ድባቴ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ስለዚሁ ሕመም ጽፈው አሳወቁ። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ እንደሚበዛም ታውቋል። ዋናው ምልክቱ በየዓመቱ በዚያው ወቅት መጥቶ፣ ቀኑ ሲረዝም መልቀቁ ነው።

እናቶቻችን ስለዚህ አልነገሩንም፤ ሊነግሩንም አይችሉም ነበር። በአዲስ አበባ የዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለው። በቤይሩት ግን ከ14 ሰዓት በላይ የነበረው የሰኔ ቀን በታኅሣሥ ወደ 10 ሰዓት ይወርዳል። በዚያ ላይ ዝናቡ፣ በዚያ ላይ የመብራቱ መጥፋት። አገር ቤት ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል። ልባችን ያንን ሰማይ ሲጠብቅ፣ ብዙዎቻችን የምናድርባት ክፍል ማድ ቤት አጠገብ ያለች፣ መስኮት የሌላት ወይም መስኮቷ ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ናት።

ስለዚህ ብርሃንን እንደ ምግብ እንቁጠረው እንላለን። ሐኪሞች ለዚህ ሕመም 10,000 ሉክስ የሚሰጥ ልዩ መብራት ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት አስቀምጠው ግማሽ ሰዓት ያህል ያስቀምጣሉ። ያ መብራት ለእኛ ሩቅ ነው። ነገር ግን የሳሎን መብራት ብዙውን ጊዜ 500 ሉክስ እንኳ አይሞላም፤ ውጭው ደግሞ ደመና በሆነበት ቀን እንኳ ከ1,000 ያልፋል። በረንዳ ላይ የምናሳልፈው ጥቂት ደቂቃ ከንቱ አይደለም ማለት ነው፤ በተለይ በማለዳ። ለማዳም «ብርሃን ያስፈልገኛል» ብላችሁ ብትነግሯት ምናልባት ትስቅ ይሆናል። «ልብሱን ማታ ከማሰጣ ጠዋት ላስጣው» ብትሏት ግን ማን ይከለክላችኋል? ልጁን እስከ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ማድረስ፣ ቆሻሻውን ጠዋት ማውረድ፣ ሽንኩርቱን በረንዳ ላይ ተቀምጦ መላጥ፣ ይህ ሁሉ ሥራም ነው፣ መድኃኒትም ነው። (ብልጠት ነው የምትል ካለች፣ አዎ፣ ብልጠት ነው።)

የዕረፍት ቀንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሊባኖስ በወጣው ወጥ የሥራ ውል ላይ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት ተጽፏል። የተጻፈው ሁሉ እንደማይፈጸም እናንተም እኛም እናውቃለን። ቢሆንም መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ያንን ቀን ያገኘች እኅትም ብርድ ልብስ ተከናንባ ባታሳልፈው እንመክራታለን።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብን። ደመወዟ ለወራት የተያዘባትን፣ የምትደበደበውን፣ ተቆልፎባት የምትውለውን እኅት «የወቅቱ ነገር ነው» ብንላት በደልን መሸፈን ይሆናል። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ፍትሕ ነው። በረንዳ ላይ መቀመጥ ያንን አይተካም። እንዲሁም ኀዘኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይለቅ ከቆየ ሐኪም ማየት ያሻል፤ በንግግርም በመድኃኒትም የሚረዳ ሕክምና አለ። ሞትን እስከ መመኘት የደረሰች ካለች ደግሞ ለብቻዋ አትያዘው። በሊባኖስ 1564 ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች የተከፈተ የስልክ መስመር ነው። ዓረብኛ የማትችል እኅት የምትችለዋን ከአጠገቧ አድርጋ ትደውል። ደግሞም እኛ አለን፤ ከእንግዲህ ከጉባኤ የጠፋችውን አናማም፣ እንደውልላታለን።

የእሑዱን ቡና እስካሁን የምናፈላው በምድር ቤቱ አዳራሽ ነበር፤ ሙቀት አለው ብለን ነው እንጂ ብርሃን የለውም። ከመጪው እሑድ ጀምሮ ጀበናውን ወደ ግቢው እንድናወጣ ጠይቀን ተፈቅዶልናል። ዝናብ ከሆነ ከደጃፉ ጣሪያ ሥር እንቀመጣለን። ሹራብና ነጠላ ደርባችሁ ኑ፤ የጠፋችውን ባልንጀራችሁንም ይዛችሁ።