የሚከራይ ቤት ግድግዳ እድሳትና የነጋዴው ኀላፊነት

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ በደረሰበት ስፍራ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ እንደ መሆንዋ መጠን፥ ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ፥ በከዚራም በመጋላም፥ ከድንጋይ በጭቃና በኖራ የታነፁ አሮጌ ቤቶች ዛሬም ይገኙባታል። ከነዚህም የሚከራዩት ጥቂቶች አይደሉም።

የቤት ባለቤት ደኅና ተከራይ ለማግኘት ሲሻ አስቀድሞ የሚያስበው የውስጡን ግድግዳ ማሳመር ነው። ዐሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከሱቅ ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ገዝቶ አሮጌውን ግድግዳ ቢሸፍንበት፥ ብዙ ሳይቆይ ቀለሙ ይነፋል፤ ልስኑም እየተላቀቀ ይወድቃል። ባለቤቱ ቀቢውን፥ ቀቢው ነጋዴውን፥ ተከራዩም ባለቤቱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ለግድግዳው የማይስማማ ዕቃ መመረጡ ነው።

የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ከመሬት ርጥበት ይስባል፤ የሳበውንም በፊቱ በኩል እያተነነ ያስወጣዋል። ኖራ ይህን መንገድ ክፍት ሲተው፥ ድፍን ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ይዘጉታል። የታፈነውም ውኃ ከያዘው ጨው ጋር ከቀለሙ በስተኋላ ተከማችቶ ይገፋዋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራው በዚችው ከተማ ነው፤ ሲሚንቶም ለብሎኬት ቤት የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ነገር ግን ለሁሉ ደዌ አንድ መድኃኒት አይታዘዝም።

ኖራ ልብስ ይነካል፥ እንደ ዘይት ቀለምም አይታጠብም የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ግድግዳውን አስቀድሞ አርሶ በስሱ ደጋግሞ ለቀባው መንካቱ ይቀንሳል። ክፍሉን ያበራል፥ ሻጋታን ይከላከላል፤ ባረጀም ጊዜ የላላውን ብቻ ጠርጎ በላዩ መቀባት ይቻላል።

አስቀድሞ የዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ኖራ ስለማይዝ፥ ቀለሙ መነሣት አለበት። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችልና ትቢያው ሕፃናትን ስለሚጎዳ፥ አርሶ እንጂ በደረቁ መፋቅ አይገባም። ለአዲሱም ቀለም ቢሆን በአገራችን የተወሰነው የእርሳስ ልክ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ አስመጪው ከአምራቹ የምርመራ ማስረጃ ሳይቀበል ቀለም ባያዝ ለራሱም ለደንበኛውም ይበጃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን በደኅና ሁኔታ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። እንግዲህ ለ6 ወር ብቻ የሚያምር ግድግዳ ለውሉ ዘመን እንኳ አይበቃም። አከራይና ተከራይም ግድግዳውን ማን፥ በምን ዕቃ እንደሚያድስ ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት በውላቸው ቢጽፉ ከብዙ ክርክር ይድናሉ።

ከባለሱቁ የሚፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ ይኸውም የቀለሙን ቆርቆሮ ከማውረዱ በፊት «ግድግዳው ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ድንጋይና ጭቃ ከሆነ ኖራውን ያቅርብ። የዛሬው ትርፍ ቢያንስም፥ ግድግዳው የጸናለት ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል።