የላቦራቶሪ መዝገብ በኤሌክትሮኒክ ቢሆን የፈጠራ ባለቤትነታችንን ያስከብራል?

የምርምር ተቋሞቻችን የወረቀት ደብተርን ትተው የላቦራቶሪ ሥራቸውን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ቢይዙ አእምሯዊ ንብረታቸው በተሻለ ይጠበቃል ወይ? በፓተንት ጉዳዮች የሚሠሩ የሕግ ባለሙያና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚመራመሩ ባልደረባ ተከራክረውበታል።

አዎ፣ ይጠበቃል
የሕግ ባለሙያው

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1957 ጎርደን ጉልድ የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ደብተሩን ይዞ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ወደሚገኝ አንድ ከረሜላ ቤት ገባ። ባለሱቁ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ነበረው። ሌዘር የሚለው ስያሜ የሰፈረባቸውን ገጾች በፊርማና በማህተም አረጋገጠለት። ቻርልስ ታውንስና አርተር ሾውሎው በ1958 የፓተንት ማመልከቻ ሲያስገቡ ጉልድ ያመለከተው በ1959 ነበር። ዘገየና ተቀደመ። ሆኖም ከረጅም ሙግት በኋላ ከ1977 ጀምሮ ዋና ዋና ፓተንቶቹን ማግኘት ቻለ። ያ ቀን ያለበት ገጽ ባይኖር ኖሮ የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም።

በእኛ ላቦራቶሪዎች እንዲህ ያለ ገጽ ከየት ይገኛል? እኔ የማየው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ፣ በሽቦ የታሰረ ደብተር ነው። የገጽ ቁጥር ስለሌለው አንድ ቅጠል ቢገነጠል አያስታውቅም። የጄል ፎቶው በሙቀት በሚያትም ወረቀት ወጥቶ በፕላስተር ተለጥፏል። እንዲህ ያለው ወረቀት እየቆየ ስለሚደበዝዝ ውጤቱ የነበረበት ቦታ ግራጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የማሽኑ ጥሬ መረጃ «ናሙና 1»፣ «ናሙና 2» እየተባለ ከማሽኑ ጋር በተያያዘው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል። ናሙና 2 የየትኛው ተክል ሥር እንደሆነ የሚያውቀው የማስተርስ ተማሪው ብቻ ነው። እሱም ተመርቆ ደብተሩን ይዞ ሄዷል። ተቋሙ ፓተንት ልጠይቅ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ምን ሠራ? መቼ?» የሚለውን ነው። ብዙ ጊዜ ከዚያ አናልፍም።

ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ስል በዎርድ ወይም በኤክሴል መጻፍን ማለቴ አይደለም። በደንብ በተሠራ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የሚጽፈው በራሱ መለያ ገብቶ ነው። ስህተት ቢያርም የቀድሞው ጽሑፍ አይጠፋም፤ ማን፣ መቼ እንዳረመው አብሮ ይመዘገባል። የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ገጹ ይቆለፋል፣ ኃላፊው አንብቦ ይፈርማል። ከዚያ ሲስተሙ ከገጹ ይዘት አንድ አጭር የፊደልና የቁጥር ድርድር ይቀምራል። በገጹ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ቢለወጥ ድርድሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የጊዜ ማህተም ወደሚሰጠው ገለልተኛ አካል የሚላከው ይህ ድርድር ብቻ ነው። አካሉ ምን እንዳገኛችሁ አያውቅም፤ በዚህ ሰዓት እንደነበራችሁ ግን ይመሰክራል። ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን ነው፤ ምስጢሩ ከቤት አይወጣም።

ምስክር ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ እ.ኤ.አ. 2006 ሜዲኬምና ሮላቦ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች አሜሪካ ውስጥ የተሟገቱበትን ጉዳይ ይመልከት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምስክር ያልፈረመበት የላቦራቶሪ ደብተር ብቻውን የፈጣሪውን ቃል ሊያረጋግጥ አይችልም አለ። በወረቀት ዘመን ምስክር መፈለግ የሰው ትጋት ይጠይቅ ነበር፤ አርብ ማታ ደብተር ይዞ ኃላፊን ማሳደድ የሚሆንለት ጥቂት ነው። ሲስተሙ ግን ያልተፈረመውን ገጽ እየጠቀሰ ያስታውሳል።

ሕግ የለም እንዳይባል የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። ገንዘብ የለም እንዳይባልም በፓሪሱ ኩሪ ኢንስቲትዩት የተጀመረው ኢላብኤፍቲደብሊው የተባለው የመዝገብ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ተቋሙ በራሱ ሰርቨር ላይ ይጭነዋል። የጎደለው ውሳኔ ነው።

አይ፣ አይጠበቅም
ተመራማሪዋ

ወንድሜ የጉልድን ታሪክ ለራሳቸው አቋም አምጥተውታል፤ እኔ ግን ለእኔ ሲመሰክር አየዋለሁ። ያዳነው ገጽ ወረቀት ነው፤ የፈረመበትም ጎረቤት ያለ ሰው። ያን ሁሉ ዓመት ያስከፈለው የመዝገብ ጉድለት አልነበረም። የሚሠራ መሣሪያ ሳይሠራ ማመልከት የማይቻል መስሎት ዘገየ፤ የጎዳው ይህ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሕጉ ከዘገየ ሰው ጋር የበለጠ ጨክኗል። በእኛው አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ሁለት ሰዎች አንድ ፈጠራ ለየብቻቸው ቢያገኙ መብቱ ቀድሞ ያመለከተው ነው። ቀድሞ ለፈጠረው ትሰጥ የነበረችው አሜሪካም ከማርች 16 ቀን 2013 ወዲህ ቀድሞ ወዳመለከተው ዞራለች። እንግዲህ ተቋሜ ትንሽ በጀት ካለው ቀዳሚው ጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ባለሙያና የማመልከቻ ክፍያ ነው። ለሰርቨር፣ ለጄኔሬተርና ለሲስተም አስተዳዳሪ ሰጥተን ስንጨርስ ለማመልከቻ የሚተርፍ የለም።

የደረሰብንን በደል እንይ። እ.ኤ.አ. 2005 በጤፍ ላይ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ኩባንያው በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2009 ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ፓተንቱን በኔዘርላንድ ዋጋ ያሳጣው የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ነው። ተሟጋቾቹም የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ እኛ ችሎቱ ውስጥ አልነበርንም። በዚህ ሁሉ ደብረ ዘይት ያለው የጤፍ ምርምር ደብተር ወረቀት ይሁን ኤሌክትሮኒክ ምን ይለውጥ ነበር? የጎደለን ውሉን ከተፈረመ በኋላ የሚከታተልና ባሕር ማዶ ሄዶ የሚሟገት ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ሥራዬ በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ነው። አንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ አባት ተማሪዬን ጫካ ይዘውት ይገባሉ። ሥሩን ያሳዩታል፤ በየትኛው ወር እንደሚቆፈር፣ ልጡ ተልጦ እንደሚደርቅ፣ ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ ይነግሩታል። ተማሪው ከተማ ተመልሶ ሲስተሙን ይከፍትና ይጽፋል። ሲስተሙም «አዘጋጅ» በሚለው ቦታ የተማሪውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን ያትማል። የአባታችን ስም ቢገባ የሚገባው «ተጨማሪ ማስታወሻ» በሚለው ሳጥን ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሳ ጠንካራ ማህተም ያለው የማን ነው? ማህተሙ መጀመሪያ የጻፈውን ይመሰክራል፤ መጀመሪያ ያወቀውን ግን አይመሰክርም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. 1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ቢልሃርዚያ መከላከያ መንገድ ከፈቱ። ታላቅ ሳይንቲስት ናቸው። እንዶዱን የሚያውቁት ግን አጣቢዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ የእነሱን ስም የያዘ ሲስተም የለም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ቢጻፍም ባይጻፍም መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኛ ደግሞ የተጻፈው ብቻ ክብደት የሚያገኝበትን መሣሪያ ልናስገባ ነው።

ማንነት ይረጋገጣል ስለተባለውም የላቦራቶሪውን እውነት ልናገር። ፓስዎርዱ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። አንዱ በከፈተው መለያ አምስት ሰው ይሠራል፤ መብራት ሊጠፋ ነው በሚል ጥድፊያ ማን ወጥቶ ማን ይገባል? የለውጡ ዱካ ሁሉንም በአንድ ሰው ስም ይጽፈዋል። የተጭበረበረ ደብተር ያስጠረጥራል፤ የተጭበረበረ መለያ ግን ንጹሕ መስሎ ይታያል።

ስርቆትም አለ። የአሥር ዓመት ደብተር ለመስረቅ ጆንያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ አንድ የጎግል መሐንዲስ ሹፌር አልባ መኪና ፕሮጀክት ውስጥ እያለ 14,000 ያህል ፋይሎች አውርዶ ወጣ። ጉዳዩ ፕሮጀክቱን የወረሰውን ዌይሞንና መሐንዲሱ በኋላ የገባበትን ኡበርን ፍርድ ቤት አገናኝቷል።

ስለመጥፋትም ቢሆን፣ በዲሴምበር 2021 በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐር ኮምፒዩተር ላይ የባክአፕ ፕሮግራም ስህተት 77 ቴራባይት መረጃ አጥፍቷል። እነሱ እንኳ! የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 «ዋይፖ ፕሩፍ» ብሎ የጀመረውን የዲጂታል ጊዜ ማረጋገጫ አገልግሎት ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ2022 መጀመሪያ ዘግቶታል። ፓተንት በእኛ ሕግ 15 ዓመት የሚጸና ነው። ከእሱ በፊት የሚዘጋ አገልግሎት ላይ ማስረጃዬን አላኖርም።

እኔ የምጠይቀው የተጠረዘ፣ ገጹ የተቆጠረ ደብተር፣ የማይለቅ ቀለም፣ በየሳምንቱ የሚፈርም ምስክር፣ ደብተሩም ለተማሪ የማይሰጥበት መደርደሪያ ነው።

የሕግ ባለሙያው መልስ

ማመልከቻ ይቅደም ብለዋል እህቴ፤ እስማማለሁ። ማመልከቻው ግን ከመዝገብ ነው የሚጻፈው። ምን ያህል ተጨመረ፣ በስንት ዲግሪ፣ ስንት ጊዜ ተደገመ የሚለውን ከተማሪው ስልክ እየጠየቅን ወራት ስናባክን ሌላው ይቀድመናል። ቀድሞ ያመለከተ ይወስዳል የሚለው ሕግም ሌባን አይጨምርም። አሜሪካ ሕጓን ስትለውጥ ከእኔ ወስዶ አመለከተ የሚል ሰው የሚከራከርበትን ሥርዓት አበጅታለች፤ እዚያ የሚቀርበው መዝገብ ነው። ፈረንሳይም ለረጅም ዘመን በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥ የነበረውን የቀን ማረጋገጫ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ታደርገዋለች። የጋራ መለያው ነገር በቅጣት የሚታረም ነው።

ስለ አባታችን የተናገሩት ግን ልቤን ነክቶታል፤ እዚህ ላይ ወረቀትም አያድናቸውም። ሲስተሙን የምንሠራው እኛ ከሆንን «የዕውቀቱ ባለቤት» የሚል ሳጥን እናስገባ። ስማቸው፣ ቀበሌያቸውና ፈቃዳቸው ካልተሞላ ገጹ አይቆለፍ፣ ማህተምም አያግኝ። ወረቀት «አልቀበልም» ማለት አይችልም።

የተመራማሪዋ መልስ

ሳጥኑ ይጠቅማል፤ ይህን አልክድም። የሚሞላበትን ሁኔታ ግን አውቀዋለሁ። የቸኮለ ተማሪ «የአካባቢው ማኅበረሰብ» ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ ገጹ ይቆለፋል፣ ማህተሙም ይመጣል። ከዚያ በኋላ አባታችን ምን እንደተጻፈባቸው ማየት ቢፈልጉ መለያ የላቸውም፣ ብዙ ጊዜም ማንበብ አይችሉም፤ መረጃው የሚገኘው ተቋሙ ሰርቨር ላይ ነው። እኔ ጋ ግን ሥሩ ከመቆፈሩ በፊት የተነገረው በአማርኛ ይጻፋል፣ በመንደራቸው ሰዎች ፊት ይነበብላቸዋል፣ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፣ አንዱ ቅጂ በእጃቸው ይቀራል። ወንድሜ ሲስተሙን ሲያሠሩ ያ በእጅ የሚቀረው ቅጂ እንዴት እንደሚገኝ፣ ፈቃዳቸውን ቢያነሱስ የተቆለፈው ገጽ ምን እንደሚሆን በደንቡ ያስገቡ። ይህ ተጽፎ እስካላየሁ ድረስ ተማሪዎቼ የሰው ዕውቀት ይዘው ወደዚያ ሲስተም እንዲገቡ አልፈቅድም።